እናቷን አይተው እርግቧን አይግዙ፦ የውድድር እርግብ አርቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ12 ዓመት በፊት በሰሜን ቤልጂየም ኬምፐን በሚባለው አካባቢ ቤት ስንይዝ፣ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ሁለት የእርግብ ጫጩቶች በካርቶን ይዘው መጡ። በልቤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእርግብ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ካርቶኑን እጄ ላይ አስቀምጠው «እናታቸው ጎበዝ ናት። እነዚህ ግን ምን እንደሚሆኑ አላውቅም» አሉኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሁለተኛውን ለመስማት ጆሮ አይኖረውም።

ሁለቱ ጫጩቶች ከአንድ አባትና ከአንድ እናት፣ በአንድ ጎጆ የተፈለፈሉ ነበሩ። ግራጫዋ ሴት በሁለተኛ ዓመቷ የማኅበራችንን ውድድር አሸነፈች። ወንድሟን ግን ገና ለልምምድ ከ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ስንለቀው መንገድ ስቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የዚያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ጓሮ ቆሜ ወደ ደቡብ ሳይ፣ ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ስፖርቱን ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጽ። የእርግብ ውድድር በቤልጂየም ሥር የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በተለመደው የሳምንት መጨረሻ ውድድር እርግቦቹ ዓርብ ማታ በቅርጫት ተጭነው ወደ ፈረንሳይ ይወሰዳሉ። ጠዋት አየሩ ሲፈቅድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዷም ወደ ገዛ ቤቷ ትበራለች። ቤቷ መግቢያ ላይ ስታርፍ እግሯ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክ ቀለበት ሰዓቱን ያስመዘግባል። ቤቶቹ በተለያየ ርቀት ላይ ስለሚገኙ አሸናፊዋ የምትለየው በፍጥነቷ ነው፦ የበረረችው ርቀት በወሰደባት ደቂቃ ይካፈላል። 500 ኪሎ ሜትር በ6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የበረረች እርግብ በደቂቃ 1,333 ሜትር ሄዳለች ማለት ነው።

ሻምፒዮን በትእዛዝ አይፈለፈልም። አርቢው በእጁ ያለው ነገር ዕድሉን ማስፋት ወይም ማጥበብ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ዕድልን የሚያጠብቡ ናቸው። አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሻምፒዮንን ከሻምፒዮን አጣምሮ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ

ምርጥን ከምርጥ ማጣመር በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እርግጠኝነት ነው። እርግብ 40 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሏት። ወላጅ ለልጁ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ ደግሞ ማንም አይመርጥለትም። 40 ጊዜ ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ ሊወጡ የሚችሉት ልዩ ልዩ ድልድሎች ከአንድ ትሪሊዮን ይበልጣሉ፤ ይህም ክሮሞዞሞቹ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት ቁራጭ ሳይቆጠር ነው። በዚህ ላይ የሁለተኛው ወላጅ ዕጣ ይጨመርበታል።

እንዲህ ያስቡት። አንዲት ባለሙያ ሴት በርበሬዋን በራሷ መጠን አዘጋጅታለች፤ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ኮሰረቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉም እርስ በርሱ ተስማምቷል። ሌላዋም ባለሙያ እንዲሁ። አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ከአንዷ ቅመሞች ግማሹን፣ ከሌላዋም ግማሹን ያንሡና አንድ ላይ ያስፈጩ። ጥሩ በርበሬ ሊወጣ ይችላል። ኮረሪማው ሁለት ጊዜ ገብቶ አዝሙዱ ጭራሽ ሊጎድልም ይችላል። ሻምፒዮኗን ሻምፒዮን ያደረጋት የዘረ-መሎቿ ስምምነት ነው፤ ልጇ ስምምነቱን አትወርስም፣ የምትወርሰው ግማሹን ቅመም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ለመቀበል ይከብዳል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ለክቶ ነበር፤ በጣም ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች በአማካይ ከሌላው ሰው ረዘም ቢሉም ከወላጆቻቸው አጠር ይላሉ። በእርግብም እንዲሁ ነው። አንዲት እርግብ ከሺዎች መካከል አንደኛ ስትወጣ ከደሟ በተጨማሪ ነፋሱ፣ ጤናዋ፣ የዚያ ቀን ብርታቷ፣ ጭልፊት ያልጣለባት መሆኑ ሁሉ አብሮ ሠርቷል። ልጇ ደሙን እንጂ ቀኑን አትወርስም። ስለዚህ የሻምፒዮን ልጆች በአማካይ ከተራው እርግብ ይሻላሉ፣ ከወላጃቸው ግን ያንሳሉ። ይህንን አስቀድሞ ያወቀ አርቢ አሥር ጫጩቶች ወጥተው ዘጠኙ ተራ ሲሆኑ ጥንዱን አይበትንም፤ ያላወቀው ግን በየዓመቱ ያፈርሳል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ይጀምራል።

በወረቀት ላይ ባለ ስም መግዛት

በ2019 አርማንዶ የተባለ የቤልጂየም ወንድ እርግብ በኢንተርኔት ጨረታ በ1,252,000 ዩሮ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር እኛ ካለንበት ከአንትወርፕ ክፍለ ሀገር የወጣች ኒው ኪም የተባለች የሁለት ዓመት ሴት እርግብ በ200 ዩሮ ተነሥታ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተጠናቀቀች። ሁለቱም የሄዱት ወደ ቻይና ገዢዎች ነው። ወንድ እርግብ ከብዙ ሴቶች ልጅ ሊያፈራ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ከሴት ይወደዳል፤ በኒው ኪም ጨረታ ብዙዎች የተደነቁትም ለዚህ ነበር። ገዢዎቹ እነዚህን እርግቦች የገዟቸው እንዲወዳደሩላቸው አይደለም። አዲስ ቤት የገባች ትልቅ እርግብ ብትለቀቅ የምትመለሰው ወደ አሮጌው ቤቷ ነው፤ የተገዛው ገና ያልተጣለው እንቁላል ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ እኔም እርስዎም የለንም፤ ስህተቱ ግን በ300 ዩሮም ይሠራል። በሦስተኛው ዓመቴ አንድ ወንድ ገዛሁ። የዘር ሐረጉ በባለ ቀለም ወረቀት ታትሞ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ አገር የሚያውቃቸው ስሞች ተደርድረዋል። ማታ ማታ ወረቀቱን እያወጣሁ አነበው ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከእሱ 23 ጫጩቶች ወጡ። አንዳቸውም ከመካከለኛ አላለፉም።

ሻጩ አልዋሸኝም፤ ወረቀቱም እውነት ነበር። ያላሰላሁት እኔ ነኝ። ወላጅ ለልጁ የሚያደርሰው ግማሹን ነው፤ አያት በአማካይ ሩቡን፣ ቅድመ አያት 12.5 በመቶውን። አራት ትውልድ ወደ ኋላ በሚሄደው የመጨረሻ ዓምድ 16 ስሞች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በአማካይ 6.25 በመቶ ብቻ ነው፤ በዕጣው ምክንያት ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ለዚያች 6.25 በመቶ ነበር የከፈልኩት።

ታዲያ ምን ይጠይቁ? የወንድሞቹንና የእህቶቹን ነገር ይጠይቁ። ስንት ተፈለፈሉ? ስንቱ ተወዳደሩ? ስንቱ ተመለሱ? ከስንት እርግብ መካከል ስንተኛ ወጡ? ከ80 እርግቦች አንደኛ መውጣትና ከ8,000 አንደኛ መውጣት አንድ አይደለም። አንድ ጎበዝ ወንድም ካለው እርግብ ይልቅ አምስት ደህና ወንድሞችና እህቶች ያሉትን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ዕድል ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ደም ነው።

እናትን መርሳት

በየማኅበሩ ሲወራ የሚሰማው የአባት ስም ነው። በአእዋፍ ግን ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የምትወስነው እናቲቱ ናት። በየሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎችም ለሴቱም ለወንዱም የሚወረሱት ከእናት ነው፤ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሳያርፍ ለሚበር ፍጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሴቲቱ ልጅ ዜድ የሚባለውን የፆታ ክሮሞዞም የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ባሕርይ ከአባት ወደ ሴት ልጅ፣ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እየተሻገረ ሲሄድ ቢያዩ አይደነቁ። «የመጀመሪያው እንቁላል ወንድ ነው» የሚለውን ግን ይተዉት፤ እኔ ለዓመታት መዝግቤ ምንም አላገኘሁበትም።

ጥንድን በአንድ ጎጆ መፍረድ

እርግብ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው። የመጀመሪያው ወደ ማታ ይጣላል፤ ሁለተኛው ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ይከተላል። አባትና እናት እየተፈራረቁ 17 ወይም 18 ቀን ይታቀፋሉ። ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለቱም ወላጆች በጉሮሯቸው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ወተት መሰል ምግብ እያዘጋጁ ያበሏቸዋል። በሰባተኛው ቀን አካባቢ የመለያ ቀለበት ይደረግላቸዋል፦ ጫጩቱን በግራ መዳፍ ያስተኙና ሦስቱን የፊት ጣቶች አንድ ላይ አሹለው በቀለበቱ ያሳልፋሉ፤ የኋላዋን ጣት ወደ እግሩ አስተኝተው ቀለበቱ ካለፈ በኋላ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያወጧታል። ጥቂት ቀን ከዘገዩ እግሩ ይወፍርና ቀለበቱ አያልፍም። በዚያች ደቂቃ ሆዱ የሞላ፣ ገና ቢጫ ጸጉር የሸፈነው፣ ምንቃሩ ከፊቱ የገዘፈ ፍጡር በእጅዎ ላይ ይሞቃል። ምን እንደሚሆን ከዚያ ገላ ማንበብ የቻለ ሰው የለም።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ከአንድ ጥሩ ጥንድ ከሚወጡ 20 ጫጩቶች በአማካይ አንዱ እውነተኛ ጎበዝ ይሆናል ብለን እንነሣ። በአንድ ጎጆ፣ ማለትም በሁለት ጫጩት፣ ያንን ጎበዝ የማየት ዕድልዎ 10 በመቶ ገደማ ነው። በአሥር ጫጩት 40 በመቶ ይደርሳል። ሃያ ጫጩት አሳድገው እንኳን ምንም ሳያገኙ የመቅረት ዕድልዎ 36 በመቶ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥንዶችን የምበትነው ከአራት ጫጩት በኋላ ነበር። ስንት ጥሩ ጥንድ እንዳፈረስኩ አሁን ላውቅ አልችልም፤ ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበግበኛል።

ብዙ ጫጩት ለማግኘት እንቁላሎቹን በሌላ አሳዳጊ ጥንድ ሥር ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ እንቁላሏ የተነሣባት እናት በቅርብ ጊዜ እንደገና ትጥላለች። ነገር ግን እናቲቱን አያድክሙ። እንቁላል ሁሉ ከአጥንቷ ካልሲየም ይወስዳል፤ የዛጎል ፍርፋሪና ጠጠር ከፊቷ አይጥፋ፤ በየመካከሉም የራሷን ጫጩቶች እንድታሳድግ ያድርጉ። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ካዩ ገደቡን አልፈዋል።

ዘመድን ከዘመድ ያለ ልክ ማጣመር

ከእኛ ብዙም በማይርቀው አሬንዶንክ ከተማ የያንሰን ወንድማማቾች ለአሥርት ዓመታት የውጭ ደም እጅግ ጥቂት እያስገቡ በራሳቸው ዘር ውስጥ አራብተዋል፤ ስማቸውም ዓለምን ዞሯል። ይህን የሰማ ጀማሪ ሁሉ ወንድምን ከእህት ማጣመር ይጀምራል። የማይሰማው ነገር ቢኖር የያንሰን እርግቦች ክብር በብዙ ቤቶች የታየው ከሌላ ዘር ጋር ሲደባለቁ መሆኑንና ወንድማማቾቹ ደካማውን ያለ ርኅራኄ ይለዩ እንደነበር ነው።

ስሌቱ ይኸው፦ ወንድምን ከእህት ወይም አባትን ከልጅ ቢያጣምሩ የሚወለደው ጫጩት በአማካይ በ25 በመቶ ዘረ-መሎቹ ላይ ከሁለቱም ወገን ያው አንዱ ቅጂ ይደርሰዋል። አያትን ከልጅ ልጅ ወይም በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙትን ወንድምና እህት ቢያጣምሩ 12.5 በመቶ ነው። ቅጂው መልካም ከሆነ መልካሙ ይጸናል፤ ድብቅ ጉድለት ካለበት ግን ጉድለቱ አደባባይ ይወጣል። ያልተፈለፈለ እንቁላል፣ በጎጆ የሚቀጭጭ ጫጩት፣ በሽታ የማይቋቋም ገላ ይበዛል። ስለዚህ ከ12.5 በመቶው አያልፉ፤ ካለፉም የሚወጡትን ለውድድር አይጠብቋቸው። ደሙን ለማቆየት ይጠቅማሉ፤ ከሌላ ጠንካራ ዘር ጋር ሲጣመሩ ግን ልጆቻቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጅ ይልቅ ብርቱ ሆነው ይወጣሉ።

በዓይን ቀለም መምረጥ

በማጉያ መነጽር የእርግብን ዓይን አይተው «ይህቺ ለዘር ናት፣ ያቺ ለውድድር» የሚሉ አሉ። በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ያነባሉ። ዓይን ስለ ጤና ይናገራል፤ ስለ ሻምፒዮንነት ግን አይናገርም። በላባ ናሙና የሚደረገውን የዘረ-መል ምርመራም እንዲሁ ልኩን ጠብቀው ይዩት፤ የውድድር ብቃት የብዙ ዘረ-መሎች ሥራ ስለሆነ አንዱን መመርመር ከመጽሐፍ አንድ ቃል እንደ ማንበብ ነው። የሚለየው ቅርጫቱ ነው፤ ማለትም ሄዳ መመለሷ።

ነፋስን፣ ቤትንና ሕመምን ለደም መስጠት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በመካከለኛው ፈረንሳይ ካለችው ከቡርዥ ከተማ እርግቦች ሲለቀቁ ወደ ቤልጂየም ጫፍ ሁሉ ይበራሉ። በአገሩ ምዕራባዊ ጫፍ ምዕራብ ፍላንደርስ ላለ ሰው ርቀቱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ኬምፐን ላለን ግን ወደ 500 ይጠጋል። ነፋሱ ከምዕራብ ከነፈሰ መንጋውን ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል፤ በዚያ ቀን የምሥራቅ ቤቶች ይቀናቸዋል። ከምሥራቅ ከነፈሰ የምዕራቦቹ ቀን ነው። ከኋላ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ1,600 ሜትር በላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ከ1,000 በታች ሊያወርደው ይችላል። በተጨማሪም እርግቦች በመንጋ ነው የሚበሩት፤ ብዙ ቤቶች ያሉበት አካባቢ መንጋውን ወደ ራሱ ይስባል። ከመንጋው በጊዜ ተለይታ የራሷን መስመር የምትይዝ እርግብ ናት ውድ፤ ያንን ደግሞ በአንድ ውድድር ሊያውቁት አይችሉም። በምቹ ነፋስ ያሸነፈችውን «የዘር እናት» ብለው አክብረው፣ በክፉ ነፋስ 40ኛ የወጣችውን ሰጥተው ከሆነ የመረጡት ነፋሱን ነው።

የጎጆዋም ሁኔታ አለ። የአምስት ቀን ጫጩት ትታ የሄደች እናት ወደ ቤቷ የምትገሰግሰው በሌላ ልብ ነው። ወንዶቹን ደግሞ የቤልጂየም አርቢዎች ከሴቶቻቸው ለይተው ያቆዩአቸውና ከጉዞው በፊት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያገናኟቸዋል፤ ወንዱ ያንን ናፍቆት ይዞ ነው የሚበርረው። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ በዚህ ሁኔታ ሲላክ ሌላው ያለ ምንም ምክንያት ከተላከ፣ በውጤቱ ደማቸውን ማወዳደር አይቻልም።

ሕመም ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ ነው። በአምስተኛው ዓመቴ የጸደይ ወራት አንድ ጥንድ ነበረኝ፤ እንቁላሎቻቸው በተከታታይ ሦስት ጊዜ በቅርፊታቸው ውስጥ ሞቱ። በመብራት ሳያቸው ደም ሥሮቹ በአሥረኛው ቀን አካባቢ ይጠቁሩና ይቆማሉ። «ደማቸው አይስማማም» ብዬ ለየኋቸው። ሁለቱም ከአዲስ ጓደኛ ጋር ያው ሲደርስባቸው ጋሼ ኩሳቸውን ለምርመራ እንድወስድ መከሩኝ፤ ውጤቱ ሳልሞኔላ ሆነ። ይህ በሽታ ጤነኛ በሚመስል እርግብ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ በእንቁላልም ያልፋል። በጉሮሮ ውስጥ የሚኖረው ትሪኮሞናስ የተባለው ተውሳክም ወላጆች ሲያበሉ ወደ ጫጩቶቹ ይገባል። ስንፍና ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር ሕመም ነው። ከማጣመርዎ በፊት በብርዱ ወራት ያስመርምሩ፤ ፓራሚክሶቫይረስ የሚባለውን በሽታ የሚከላከለውን ክትባትም አይዝለሉ።

የእኛን አገር ሯጮች ሳስብ ይህ ነገር ይበልጥ ይገባኛል። የዲባባ እህቶች፣ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ፣ ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላቸው፤ ደራርቱ ቱሉም ዘመዳቸው ናት። ደም የለበትም የሚል የለም። ነገር ግን ከዚያው ከበቆጂ ቀነኒሳ በቀለም ፋጡማ ሮባም ወጥተዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ የሆነው ከፍታ፣ አሠልጣኙ፣ አብሮ የሚሮጠው እኩያ፣ ቀድሞ ያሸነፈው ጎረቤት ሁሉ አለበት። ደሙን ከመንደሩ ነጥሎ መመዘን የሚፈልግ ሰው ልጁን ወደ ሌላ መንደር መውሰድ ነበረበት።

በሰው የማይደረገው በእርግብ ይደረጋል። የምርጥ ጥንድዎን እንቁላሎች በተራ ጥንድ ሥር ያድርጉ፣ የተራውንም በምርጡ ሥር። ከተቻለም ሁለት እንቁላል ለሌላ አርቢ ይስጡና በእሱ ቤት ምን እንደሆኑ ይከታተሉ። እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው «ወርቃማ» የምለው ጥንድ ወርቅነቱ የደም ሳይሆን በቤቴ ውስጥ ደረቅና ፀሐይ የሚያገኝ ማዕዘን ስለያዘ መሆኑን የተረዳሁት። ማዕዘኑን ለሌላ ጥንድ ስሰጠው የሌላው ጥንድ ጫጩቶች ወፈሩ።

ቶሎ ማሰናበት

ቦታ ውስን ነው፤ መቀነስ ግድ ነው። ሆኖም ለረጅም ርቀት የሚራቡት ዘሮች የሚበስሉት ዘግይተው ነው። አንድ ቀይ ወንድ ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመጨረሻዎቹ ጋር ይገባል፣ በሁለተኛውም ያው። በሦስተኛው ዓመት ከፈረንሳይዋ ከሊሞዥ ከተማ፣ ከ670 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ከፊት በነበረበት ቅዳሜ ላክሁት። ፈጣኖቹ የምላቸው አልመጡም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዝቅ ብሎ፣ በጎረቤት ጣራ ታክኮ ገባ። በእጄ ስይዘው፣ እግሮቹ በጣቶቼ መካከል ሆነው፣ የደረት አጥንቱ እንደ ቢላዋ ጫፍ ወጥቶ ነበር፤ ልቡ ግን ረግቶ ይመታል። ከማኅበራችን በዚያ ምሽት ቤታቸው የገቡት እርግቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንደ ቀሪዎቹ በአጭር ርቀት ብፈርድበት ኖሮ ይህን ሳላይ እሰጠው ነበር።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። ምርጧን እርግብ አንድ ጊዜ ደግሜ ልላካት እያሉ ሳትመለስ የምትቀርበት ቀን ይመጣል። ሦስት በተለያየ ነፋስ የተገኙ ጥሩ ውጤቶች ካሏት በቂ ነው፤ ወደ ጎጆ ያስገቧት።

የጠፉትንና የተሸነፉትን አለመመዝገብ

ሰው የሚመዘግበው ድሉን ነው። የእኔ ደብተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዋንጫ ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ከእሱም ምንም መማር አልተቻለም። አሁን ለእያንዳንዱ ቀለበት የአባትና የእናት ቁጥር፣ ያሳደገው ጥንድ፣ የተፈለፈለበት ቀን፣ በየውድድሩ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ከስንት ስንተኛ እንደ ወጣ፣ ከጠፋም የት እንደ ጠፋ እጽፋለሁ። ሥራው በሳምንት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ይህ ደብተር ያሳየኝን አንድ ነገር ልንገርዎ። ጋሼ በካርቶን ያመጡልኝ ግራጫዋ ሴት በዘመኗ 27 ጫጩቶች አፈራችልኝ። ሁለቱ ብቻ ጎበዝ ወጡ፤ እነሱም ጎበዝ ልጅ አላፈሩም። ከልጆቿ መካከል ክንፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ አንድም ሽልማት ያላገኘ ወንድ ነበር። አንድ ዓመት ጓደኛዋ የጠፋባት ሴት ብቻዋን ስትቀር፣ ሌላ ወንድ ስላልነበረኝ ብቻ ከእሱ ጋር አጣመርኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብተሩን ስደምር በቤቴ ካሉት ምርጥ አምስት እርግቦች ሦስቱ የእሱ ልጆች ናቸው። የአያታቸው ነገር በእሱ ውስጥ ተኝቶ አልፎ በእነሱ ነቃ።

ያን ወንድ በዚያው ጸደይ ለሰው ልሰጠው ወስኜ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ የበሳሁለት ካርቶን አዘጋጅቼ ነበር። ካርቶኑ አሁንም ጋራዥ ውስጥ አለ።